«ቲቸር፣ ወረቀት ይቆጥሩብናል!» – ስለ ኮፒ፣ ስለ ቆጣሪና ስለ ስም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። አንጋጫ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ብሎኛል፣ መብራትም አለ፤ ሁለቱ አብረው ሲገኙ መጻፍ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አሠራር አምጥቷል። ድሮ ፕሪንት ብሎ ሄዶ ወረቀቱን ያነሳ ነበር። አሁን ወረቀቱ ዝም ብሎ አይወጣም። ፕሪንተሩ ጋ ሄዶ መታወቂያ ካርዱን ማስነካት አለበት። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ዝርዝር ይወጣል፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል፣ ስንት ገጽ። እሱም አለቃው ቢሮ ተጠርቶ «ይሄ ሁሉ ገጽ ምንድነው?» ተብሏል።

«ቲቸር፣ ወረቀት ይቆጥሩብናል እኮ! እንደ ሌባ ነው የሚያዩን» አለኝ።

እኔም ሳቅኩና «አንተ ልጅ፣ ታሪክ ያስተማርኩህ እኔ አይደለሁ? ይሄ አዲስ ነገር መሰለህ?» አልኩት። ካርዱ በመሃል አልቆ ወሬያችን ተቋረጠ። ስለዚህ ያላለቀውን እዚህ ልጨርስለት። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለብዙ ዓመት ለማንም ያልነገርኩት የራሴ ጉዳይ አለ።

ከብራና እንጀምር። በአገራችን አንድ መጽሐፍ ማባዛት ማለት ቁም ጸሐፊው ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቁጭ ብሎ መጻፍ ማለት ነበር። ብራናው ከፍየልና ከበግ ቆዳ ይዘጋጃል፤ ወደ ጥራዝ ይከፋፈላል፤ ጥራዙ ይቆጠራል። ሥራው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ገጽ ላይ ወይም ባዶ በቀረ ቦታ አንድ ነገር ይጻፋል፤ ያስጻፈው እገሌ፣ የጻፈው እገሌ፣ የተሰጠው ለእገሌ ቤተ ክርስቲያን፣ የሰረቀው ወይም ስሙን የፋቀው የተወገዘ ይሁን። እስኪ ልብ በሉ፤ አዛዡ ማን፣ ሠሪው ማን፣ የማን ንብረት። ተማሪዬ ቢሮ በየወሩ የሚወጣው ዝርዝር ከዚህ በምን ይለያል? አንድ ልዩነት ግን አለ፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ። የብራናው መዝገብ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ስለሆነ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ገልጦ ያየዋል።

ወደ ጋዜጣ እንለፍ። በ1890ዎቹ ዓ.ም አንድሬያስ ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ በአዲስ አበባ የአማርኛ ጋዜጣ ጀመረ። ዳግማዊ ምኒልክ «አእምሮ» ብለው ሰየሙት። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ የሚወጣው 24 ቅጂ ብቻ ነበር። ሃያ አራት! እኔ አንድ ክፍል ውስጥ የማስተምራቸው ተማሪዎች ከዚያ ይበልጣሉ። እንዲህ ሲሆን ቆጣሪ አያስፈልግም፤ ሃያ አራቱም የማን እጅ እንደገቡ ቤተ መንግሥቱ በቃሉ ያውቃል። ቆጣሪ የሚያስፈልገው ማሽን ሲመጣ ነው። ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። በ1917 ዓ.ም ደግሞ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድ ወረቀት የት እንደደረሰ በቃል መያዝ አልተቻለም።

ቢሮዎቻችን ለዚህ መልስ አላቸው፤ መዝገብ ቤት። በ1900 ዓ.ም ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትር ነበር፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ። ከዚያ ወዲህ ያደገውን አሠራር የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ደብዳቤው ከላይ ቁጥርና ቀን አለው፤ ከታች «ግልባጭ» ተብሎ ለማን ለማን እንደሄደ ይዘረዘራል፤ ቀሪው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ወጪ መዝገብ ላይ ይፈረማል። በታይፕራይተር ዘመን ደግሞ ግርጌው ላይ ደብዳቤውን ያረቀቀውና የተየበችው ሰው የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ይቀመጥ ነበር። ያቺ ትንሽ ፊደል የዛሬዋ ዩዘርኔም ናት።

ታይፕራይተርና ማባዣ ማሽን ግን ሌላ ጣጣም ይዘው መጡ። ስቴንስል ላይ አንዴ የተየበ ሰው በአንድ ሌሊት መቶዎችን ያባዛል፤ መዝገብ ቤት የለ፣ ቁጥር የለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወረቀት በዚህ ነው የተበተነው። ከሐምሌ 1966 ዓ.ም ጀምሮ የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ»ም በኅቡዕ የተሠራጨው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህም በመጋቢት 1969 ዓ.ም ደርግ አዲስ አበባ ላይ የቤት ለቤት አሰሳ ሲያደርግ የሚፈለገው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። ታይፕራይተርና ማባዣ ማሽንም እንደ መሣሪያ ይፈለጉ ነበር። ቤቱ ውስጥ ማባዣ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚገጥመው ወላጆቻችንን ጠይቁ።

ይሄ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ሩማንያ ውስጥ የቻውሼስኩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ድንጋጌ ታይፕራይተር ያለው ሰው ሁሉ ፖሊስ ጋ ሄዶ እንዲያስመዘግብና የማሽኑን የፊደል ናሙና በየዓመቱ እንዲያስገባ አዘዘ። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ለማወቅ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ቆጠራ ወረቀት ለመቆጠብ አይደለም፣ ሰው ለመያዝ ነው።

በሌላው የዓለም ጫፍ ደግሞ ቆጣሪው ለገንዘብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ውስጥ ዜሮክስ 914 የሚባል የኮፒ ማሽን ይፋ ሆነ። ዋጋው ከባድ ስለነበር ኩባንያው አከራየው። በወር 95 ዶላር፣ በዚያ ውስጥ 2,000 ኮፒ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ኮፒ ተጨማሪ ሳንቲም። ይሄን ለማስላት ማሽኑ ላይ ቆጣሪ ነበረው። እንደ መብራት ቆጣሪ አስቡት፤ ቤት ውስጥ ማን መብራት እንዳበራ አያውቅም፣ ድምሩን ብቻ ያውቃል።

ቆጣሪው ስም ያወቀው ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሲያያዙ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እናንተ ፕሪንት ስትሉ ፋይሉ በቀጥታ ፕሪንተሩ ጋ አይሄድም። መጀመሪያ ወረፋ ይይዛል። ብዙ ቢሮዎች ውስጥ ወረፋውን የሚያስተናግድ ሰርቨር አለ። ተራ አስከባሪ በሉት። ተራ አስከባሪው ሁሉንም ያያል፤ ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣ፣ በማን ስም እንደተከፈተ፣ የፋይሉን ርዕስ፣ የገጹን ብዛት፣ ሰዓቱን። ከፈለገ ይጽፈዋል።

ካሊፎርኒያ ያለው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ባሰናዳው የዩኒክስ ስሪት ውስጥ «ፓክ» የሚባል ትእዛዝ ነበር። የፕሪንተሩን መዝገብ አንብቦ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ስንት ገጽ እንደጨረሰና ስንት ብር እንደሚሆን ይደምራል። ሌላ ዋጋ ካልተነገረው ለገጽ 2 ሳንቲም ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አውስትራሊያ ሜልቦርን ውስጥ ክሪስ ዳንስ የሚባል ሰው ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች የሚሠራውን ፔፐርካት የሚባል ሶፍትዌር ጀመረ። ዛሬ ዊንዶውስ ራሱ፣ ከተከፈተለት፣ እያንዳንዱን የፕሪንት ሥራ በ307 ቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል። የተማሪዬ ቢሮ ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ ካርዱ የተጨመረው ወረቀቱ ባለቤቱ ሳይደርስ ወጥቶ እንዳይቀርና ሌላ ሰው እንዳያነሳው ነው።

ይሄ መዝገብ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የታየው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 አሜሪካ ውስጥ ነው። አንድ የምስጢር ሰነድ ለጋዜጠኞች ወጣ። ሰነዱ ላይ የመታጠፍ ምልክት ስለነበር ታትሞ በእጅ የወጣ መሆኑ ተገመተ። መሥሪያ ቤቱ የፕሪንት መዝገቡን አየ፤ ያንን ሰነድ ያተሙት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የስድስቱን ኮምፒውተር ሲፈትሹ ከዚያ የዜና ድርጅት ጋር በኢሜይል ተጻጽፋ የነበረች አንዲት ተገኘች፤ ሪያሊቲ ዊነር። 5 ዓመት ከ3 ወር ተፈረደባት። ስለ ድርጊቷ ጥሩም መጥፎም የሚሉ አሉ፣ እሱን ለእናንተ ልተወው። እኔ ልብ ያልኩት ሌላ ነገር ነው፤ መዝገቡ ብቻውን አላስፈረደባትም፤ ከብዙ ሺህ ሠራተኛ ወደ ስድስት አወረደው። ከስድስቱ አምስቱ ደግሞ አትመውም ንጹሕ ነበሩ። መዝገብ «ማን ነካው» ይላል እንጂ «ማን አጠፋ» አይልም።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ወረቀት መቁጠር ላይ እኛን የሚያህል የለም! ወረቀቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ሲገባ ሞዴል 19፣ ስንጠይቅ ሞዴል 20፣ ስንረከብ ሞዴል 22። አንድ ደስጣ ወረቀት ከንብረት ክፍል እስኪወጣ ሦስት ሰው ይፈርምበታል። ከወጣ በኋላ ግን አምስት መቶዋ ቅጠል ምን እንደተጻፈባት የሚያውቅ የለም። ባዶውን ወረቀት እንቆጥራለን፣ የተጻፈበትን አንቆጥርም።

ኮምፒውተሩ ቢቆጥርስ? ሞክሬ አይቻለሁ። ብዙ ቦታ ፕሪንተሩ አንድ ኮምፒውተር ላይ በገመድ የተሰካ ነው፣ ሁሉም ፍላሹን ይዞ መጥቶ እዚያው ያወጣል። ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ደግሞ በአንድ ስም ነው፤ «አድሚን»። መዝገቡን ብታዩት የዓመቱን ወረቀት ሁሉ የጨረሰው አድሚን የሚባል አንድ ሰው ነው! የሌላ ስም በሌለበት መዝገብ ላይ ኮምፒውተሩ አጠገብ የምትቀመጠው ጸሐፊ አድሚን ትሆናለች።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልናገር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ትምህርት ቤቱን አልጠቅስም፣ አንጋጫ ግን አይደለም። የመንፈቅ ዓመት ማጠቃለያ ፈተና ደርሷል። ያኔ ሁሉንም ፈተና የምትተይበው አንዲት ጸሐፊ ነበረች፣ ፕሪንተሩም አንድ። እኔ የታሪክ ፈተናዬን ለማረም ገብቼ አንድ ቅጂ አወጣሁ። ቶነሩ እያለቀ ስለነበር ከታች በኩል ነጭ መስመር ጥሎበት ወጣ። ካርትሪጁን አውጥታ ነቅነቅ አደረገችልኝ። ሁለተኛው ጥሩ ወጣ። የተበላሸውን አጥፌ ኪሴ አስገባሁት። ከዚያ የት እንደጣልኩት አላስታውስም። መምህራን ማረፊያ ይሁን፣ ሻይ ቤት ይሁን፣ እግዚአብሔር ይወቅ።

ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ጥያቄው ከተማ ውስጥ ኮፒ ቤት ተገኘ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር መሰላችሁ? «ማን ተየበው?» በቃ። ሌላ አልተጠየቀም። ያላደረጉትን ነገር በምን ያስረዱታል? አለቀሰች፣ ማለች፣ አልሰሟትም። ማስጠንቀቂያ ተጽፎላት ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? መምህራኑን ከመጠየቅ ጸሐፊዋን ማዛወር ይቀል ነበር።

ኮሚቴው ፊት ቀርቤ የተገኘውን ወረቀት አሳይተውኝ ነበር። «ፈተናው ያንተ ነው?» አሉኝ። አየሁት። ከታች በኩል ነጭ መስመር አለው።

«አዎ የእኔ ነው» አልኩ። ስለ መስመሩ ምንም አልተናገርኩም።

ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ለናንተ «እውነት ተናገሩ» እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኳችሁ።

ዛሬ ላይ ፈተና መስረቅ ምን እንደሚያደርግ አገሩ ሁሉ ያውቃል። በግንቦት 2008 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ ፈተናው በተጀመረበት ቀን ተሰረዘ። አንዳንዶቻችሁ ያን ዓመት ነበራችሁ። በኋላም የ2014ቱ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም ተማሪውን ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ የተሰጠው በዚሁ ስጋት ነው። አገር ሙሉ ተማሪ ሲንቀሳቀስ ትልቅ ዜና ነው። የአንዲት ጸሐፊ ዝውውር ግን ዜና አይሆንም።

ከሁለት ዓመት በፊት ዱራሜ መናኸሪያ አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ሻይ ልጋብዝዎት አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ መስመሩ፣ ስለ ኪሴ፣ ስለ ዝምታዬ። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር።

ስኳሩን ስታማስል ቆየችና «መምህርዬ፣ እኔ እኮ ደብተር ነበረኝ» አለች። «ገብቶ ፕሪንት ያደረገ ሰው ሁሉ እጽፍ ነበር። ስሙን፣ ቀኑን፣ ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደተበላሸ። ያንተም አለ። ሁለት ወጥቷል፣ አንድ ተበላሽቷል ብዬ ጽፌዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላሳዩም?»

«ይዤው ገብቼ ነበር። ደብተሩን ማንም አልጠየቀኝም። ልናገር ስል ‹አንቺ የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ› አሉኝ።»

አያችሁ? ሰርቨር የለ፣ ካርድ የለ፣ ግን መዝገቡ ነበር። እንዲያውም ከኮምፒውተሩ ይሻል ነበር፤ ኮምፒውተሩ የላካችሁትን ይቆጥራል እንጂ ቶነር አልቆ የተበላሸውን አያውቅም። የሷ ደብተር የተበላሸውንም ይዞ ነበር። የጎደለው መዝገቡን የሚያይ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ደብተሩ ውስጥ ያለሁ ሰው ሆኜ አፌን ዘጋሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ ላቋረጥነው ወሬ መልሴ ይኸው። «ለምን ይቆጥሩናል?» ብለህ አትናደድ። ሰው ወረቀት መቁጠር ከጀመረ ቆይቷል። ጠይቅ ካልክ ይሄን ጠይቅ፤ መዝገቡን እኔም ማየት እችላለሁ ወይ? የብራናውን መዝገብ ያልረሳሁት ለዚህ ነው፤ እዚያው መጽሐፉ ላይ ተጽፎ ለሁሉ ክፍት ነበር። አለቃህ ብቻ የሚያየው ዝርዝር አንድ ቀን አንተ ላይ ይወጣል። አንተም የምታየው ከሆነ ግን አንድ ቀን አንተን ያድንሃል። የገጹን ቁጥር ሲያሳይህ «የተበላሸው የት አለ?» በል። የፋይል ርዕስ የሚመዘገብ ከሆነ ደግሞ ማን እንደሚያነበው ጠይቅ፤ የሕክምና ማስረጃና የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ እዚያው ፕሪንተር ላይ ነው የሚወጣው። የምትሠራበትን ኮምፒውተር ደግሞ በራስህ ስም ክፈት፣ ስትነሳ ዝጋ። «አድሚን» እየተባልክ አትኑር፤ ስምህን ካልጻፍክ የሌላ ሰው ስም ይጻፍልሃል።

እኔስ ምን አደረግኩ? አሁን በማስተምርበት ቦታ ፕሪንተሩ አጠገብ በክር የታሰረ ደብተርና እስኪርብቶ አለ። ቀን፣ ስም፣ ምን፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተበላሸ። የተበላሸው እዚያው ይቀደዳል፤ ኪስ አይገባም። በወሩ መጨረሻ ሁላችንም ፊት ይነበባል። መጀመሪያ ላይ «መምህሩ ቆጣሪ ሆነ» ተብሎ ተስቆብኛል። ይሳቁ። የመጀመሪያውን መስመር የጻፍኩት በራሴ ስም ነው።

ለሷም ለመሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ ልጽፍ፣ የሆነውን ላስረዳ ብያት ነበር። «ተወው መምህርዬ፣ ጡረታ ልወጣ ነው» አለችኝ። ቢሆንም ጽፌዋለሁ። ቁጥርና ቀን አለው፣ ከታች የራሴ ስምና ፊርማ አለበት፣ ግልባጩም ለሷ ነው። ዱራሜ ሄጄ በእጇ ሰጠኋት። የምታስገባውም የማታስገባውም እሷ ናት።

እናንተስ? ቢሮ የምትሠሩ፣ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ ጸሐፊ የሆናችሁ፣ እናንተ ጋ ወረቀት የሚቆጠረው እንዴት ነው? መዝገቡንስ ማን ያየዋል? ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። የድሮ ጸሐፊዎቻችሁን የምታውቁም ደውሉላቸው።

ሰላም ዋሉ።